ደስ እስኪለን ስንጠብቅ
በቡኢ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር



ቡኢ መጥቶ ስለ ሥራ ማስተማር ድፍረት ይጠይቃል። ዛሬ ብዙዎቻችሁ የመጣችሁበት፣ ከአለም ገና ተነስቶ በቡኢና በቡታጅራ አድርጎ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰው መንገድ፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሕዝቡ ራሱ ማኅበር አቁሞ፣ እነ ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ ከፊት ሆነው፣ ሰው ከኪሱ እያዋጣ ያስጀመረው ነው። የእነዚያን ሰዎች ልጆች ሰብስቦ «ሥሩ፣ ትጉ» ማለት ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ስለዚህ ስለ ትጋት አልናገርም። የምናገረው ሥራው ፊቱ ተቀምጦ፣ መሥራት እንዳለበትም ልቡ እያወቀ፣ መነሳት ስላቃተው ሰው ነው። የዚህ ሰው ሸክም እዚህ ጉራጌ አገር ድርብ ነው። ሌላ ቦታ «ሰነፍ» ተብሎ ይታለፋል፤ እዚህ ግን «ጉራጌ ሆነህ?» ይጨመርበታል። የሚያኮራ ስም ላልቻለ ሰው ድንጋይ ሆኖ ይጫነዋል።

የዘመኑንም ነገር ጨምሩበት። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ በአገር ደረጃ ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር። በ2015 ወደ 3.2 ዝቅ አለ፤ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 ከፍ አለ። መሻሻሉ ደስ ይላል። ቁጥሩን ገልብጣችሁ ካነበባችሁት ግን በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች አሥራ ሁለት ዓመት ተምረው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። አንዳንዶቹ በአቅም ማሻሻያ (ሪሚዲያል) ትምህርት ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድል አገኙ፣ ሌሎቹ ሙያ ተማሩ፣ አዲስ አበባ ዘመድ ሱቅ የገቡም አሉ። የቀሩት ቤት ናቸው።

ከቀሩት አንዱን እንይ። ስም አልሰጠውም፤ በየሰፈሩ አለ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሆኗል። እናቱ ሁለተኛ ጊዜ ገብታ መጋረጃውን ገልጣለች። ነቅቷል። ስልኩን ከትራሱ ሥር አውጥቶ አንዱን ቪዲዮ በጣቱ ወደ ላይ ይገፋል፣ ሌላው ይመጣል፣ ያንንም ይገፋል፤ ከአንዱም የሚያስታውሰው የለም። «ቁርስህ ቀዘቀዘ እኮ» ትለዋለች። «እሺ» ይላል፤ አይነሳም። ከትናንት ወዲያ ጓደኛው ደውሎለት አላነሳም ነበር፤ አሁን ቢደውል ለምን እንዳላነሳ ማስረዳት ሊኖርበት ነው፣ ስለዚህ ጨርሶ አይደውልም። ፀጉሩ አድጓል፤ ፀጉር ቤት ከሄደ ግን «ውጤትስ?» የሚለው አይቀርም፣ ስለዚህ አይሄድም። ፀጉሩ ስላደገ ደግሞ ሰው ፊት መቅረብ ያሳፍረዋል። ማታ ራሱን ሲረግም ያመሽና «ከነገ ጀምሮ» ይላል። እንቅልፍ የሚወስደው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። በማግስቱም ሦስት ሰዓት፣ መጋረጃው፣ ስልኩ።

ይህ ልጅ ሥራ ፈቶ የዋለ ይመስላል፤ የዋለው ግን ሲሸሽ ነው። ሽሽት ደግሞ ደመወዝ አለው፤ ስልኩን ባላነሳ ቁጥር፣ ፀጉር ቤቱን ባለፈ ቁጥር ለዚያች ደቂቃ ቀለል ይለዋል። የነገው ነገር በዚያው ልክ ይከብዳል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቻርልስ ፈርስተር በ1973 እ.ኤ.አ. ስለ ድብርት በጻፈው ጥናት ያነጣጠረው እዚህ ላይ ነበር። ሰውየው ምን ያስባል ከማለት ይልቅ ምን ማድረግ አቆመ፣ በምትኩስ ምን እያደረገ ነው ብሎ ጠየቀ። በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ፒተር ሉዊንሶንም በተመሳሳይ መንገድ ሄደ። አንድ ሰው ይጣፍጡት ከነበሩ ነገሮች ሲርቅ ይደበራል፣ ሲደበር ይበልጥ ይርቃል። ታዲያ ይህን ክብ በየት በኩል ይሰብሩታል? ስሜት ትእዛዝ አይሰማም፤ «ደስ ይበልህ» ተብሎ ደስ ያለው ሰው እስካሁን አላየሁም። እግር ግን ትእዛዝ ይሰማል፤ ባይፈልግም ይሄዳል። ከዚህ የተነሳ የሕክምና መንገድ ተዘርግቷል፤ ሰውየውን ከስሜቱ አስቀድሞ በድርጊት በኩል ማነቃቃት።

እናቶች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ። «ክትፎ ሳቀርብለት ይበላል፤ ጓደኛው ሲመጣ ሲስቅ ሰምቼዋለሁ። ታዲያ ምን ሆንኩ ይላል?» መልሱን ካላሰብኩት ቦታ፣ ከአይጥ ጎጆ አገኘሁት። ጆን ሳላሞን የተባለ የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ለአይጦች ምርጫ ሰጠ። አንድ ማንሻ ደጋግመው ከተጫኑ የሚወዱት ጣፋጭ ምግብ ይወርድላቸዋል፤ መልፋት ካልፈለጉ ተራው ምግብ አጠገባቸው ተቀምጧል። ጤነኞቹ አይጦች ለጣፋጩ ይለፋሉ። በአንጎል ውስጥ ያለው ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር ሥራው ሲቀነስባቸው ግን ማንሻውን ትተው ወደ ተራው ምግብ ዞሩ። ጣፋጩን ጠልተውት ይሆን? አልጠሉትም፤ ያለ ልፋት ሲቀርብላቸው ይበሉታል። የቀነሰው ለእሱ ለመልፋት የነበራቸው ተነሳሽነት ነው። ሰውን ከአይጥ ጋር አስተካክሎ መናገር ደግ አይደለም፣ ይቅርታ፤ ነገር ግን ክትፎ የሚበላውና ከአልጋው የማይነሳው አንድ ልጅ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ይገባናል። እያስመሰለ አይደለም።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። በሕንድ አገር ጎዋ በምትባል ግዛት የተደረገ ጥናት በ2017 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ከባድ ድብርት ያለባቸው 495 የጤና ጣቢያ ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን የተለመደውን እንክብካቤ አገኘ። ሌላኛው በዚያ ላይ በድርጊት ማነቃቃትን መሠረት ያደረገ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ የሚደርስ ውይይት ተጨመረለት፤ አወያዮቹ ሐኪሞች አይደሉም፣ በሥነ ልቦናም አልተመረቁም፤ ሠልጥነው የተሰማሩ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ከሦስት ወር በኋላ በተለመደው እንክብካቤ ከድብርቱ የወጡት ከመቶ 39 ሲሆኑ ውይይት ከተጨመረላቸው ከመቶ 64 ሆኑ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ እንግሊዝ አገር በ440 ሰዎች ላይ በተደረገ ሌላ ጥናትም ይኸው ቀላል ዘዴ፣ በብዙ ወጪ በሠለጠኑ ባለሙያዎች ከሚሰጠው የንግግር ሕክምና እንደማያንስ ታይቷል።

ውይይቱ ተአምር የለውም። አንዲት የምትደበር ሴትና አንዲት ጠያቂ ተቀምጠዋል እንበል።

«ትናንት ምን ስትሠሪ ዋልሽ?»

«ምንም።»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይስ?»

«ጋደም ብዬ።»

«ተኝተሽ ነው ነቅተሽ?»

«ነቅቼ።»

«መቼ ተነሳሽ?»

«ጎረቤቴ መጣችና ቡና ላፈላ ተነሳሁ።»

«ቡናው ላይ ልብሽ እንዴት ሆነ?»

«ምንም… ትንሽ ቀለል አለኝ መሰለኝ። ስትሄድ ተመልሼ ተኛሁ።»

ጠያቂዋ ስትፈልግ የነበረው ይህችን «ትንሽ ቀለል አለኝ» ነው። አትመክራትም፣ አትገስጻትም፣ «እግዚአብሔርን አመስግኚ፣ ስንት የባሰበት አለ» አትላትም። (ይህቺ ምክር ከክፋት እንዳልሆነች አውቃለሁ፤ ለተደበረ ሰው ግን በሐዘኑ ላይ ጥፋተኝነት ትጨምርበታለች።) የምትላት አንድ ነገር ነው፦ «ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቡናውን አንቺ ጥሪያት።» ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የምትጠራው ሰው ታውቀዋል። በሚቀጥለው ሳምንት የሚጠየቀው «ደስ አለሽ ወይ?» አይደለም፤ «ጠራሻት ወይ?» ነው። ካልጠራቻት ምን እንዳሰናከላት አብረው ያዩና ነገሩን ያሳንሱታል፤ ቡናው ይቀርና ደጃፍ ቆሞ ሰላም መባባል ይሆናል።

ማሳነስ ለእኛ የሚከብደን ነገር ነው። «ከነገ ጀምሮ በቀን ስምንት ሰዓት አጠናለሁ» ብሎ የማለ ተማሪ ሁለተኛው ቀን ላይ መሐላው ይከዳዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሸሸው ደብተሩን ብቻ ሳይሆን መሐላውንም ነው። «ቁርስ በልቼ እጄን እንደታጠብኩ የሒሳብ ደብተሬን ከፍቼ አንድ ጥያቄ እሠራለሁ» ያለው ግን የመጀመር ዕድሉ ሰፊ ነው። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ይህን ለዓመታት ፈትኖታል፤ «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» ብሎ ሥራውን ከሰዓትና ከቦታ ጋር ያሰረ ሰው፣ «አደርጋለሁ» ብቻ ካለው ይልቅ የመፈጸም ዕድሉ ይበልጣል። አንዱ ጥያቄ ካለቀ መዝጋትም ይቻላል። ብዙ ጊዜ ግን አይዘጋም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይጥምም፤ ይህን ቀድሞ መናገር ግድ ነው። ባትሪው የደከመ ሚኒባስ መናኸሪያ ላይ ሲቆም «መጀመሪያ ሞተሩ ይነሳ፣ ከዚያ እንገፋዋለን» የሚል ሰው የለም። በግፊ ነው የሚነሳው። ደግሞም ሾፌሩ ብቻውን አይገፋውም፤ ተሳፋሪው ይወርዳል፣ መንገደኛው ይጠራል።

ወደ ዋናው ሐሳቤ የምመጣው በዚህ በኩል ነው። ስለ ተነሳሽነት የሚጻፉት የውጭ መጻሕፍት አብዛኞቹ ሰውየውን ከራሱ ጋር ብቻውን ያስቀምጡታል፤ ራስህን አሸንፍ፣ ራስህን ግዛ። እኛ ያደግነው ግን ከስሜታችን ጋር ያልተማከሩ ሥርዓቶች ውስጥ ነው። «ዛሬ ሙድ የለኝም» ብሎ እቁብ ሳይጥል የቀረ ሰው ታውቃላችሁ? እቁቡ የሚጣልበት ቀን ይታወቃል፣ ሰብሳቢው ይጠብቃል፣ የእጣው ባለተራ ዓይኑ ደጅ ደጁን ያያል፤ ሰውየው ደስ ቢለውም ቢደብረውም ገንዘቡን ይዞ ይመጣል። ሲመጣ ደግሞ ወሬ አለ፣ ሳቅ አለ። እድርም እንዲሁ ነው፤ በቀብር ያልተገኘ ይቀጣል። ደቦም እንዲሁ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ማጭድ ይዞ ማሳህ ላይ ከወጣ አንተ አልጋ ላይ ልትቀር አትችልም። መስቀልንስ ተመልከቱ! ሙሉ ክረምት ተጎልቶ የነበረ ቤት ነሐሴ ሲጋመስ ይነቃል፤ ግድግዳው ይለቀለቃል፣ እንጨቱ ይፈለጣል፣ ቅቤው ይጠራቀማል፣ የተቀበረው ቆጮ ይታያል። ቁርጥ ቀን ስላለና ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሰዎች ስላሉ ነው እንጂ የሁሉም ልብ በአንድ ጊዜ ስለተነሳ አይደለም።

ቤት የዋለው ልጃችን እነዚህ ሁሉ የሉትም። ትምህርት ቤቱ ቀኑን ይከፋፍልለት ነበር፤ ደወል ነበረ፣ ሰልፍ ነበረ፣ ስም ጥሪ ነበረ። አንድ ሰኔ ላይ ሁሉም አንድ ላይ ተነሱ። እድር የአባቱ ነው፣ እቁብ የእናቱ ነው። የሚጠብቀው ሰው የሌለው የመጀመሪያው የሕይወቱ ዘመን ይህ ነው፤ እኛ ደግሞ ይህንኑ ጊዜ መርጠን ወኔ የለህም እንለዋለን። ወላጆች የሚያዋጣ ነገር ማድረግ ከፈለጉ ምክሩን ቀንሰው ቀጠሮ ይጨምሩለት። «ተነስና አንድ ነገር ሥራ» ከሚባል «አራት ሰዓት ላይ አጎትህ እህል ሊያስጭን ነው፣ አንተን ይጠብቃል» ቢባል ይሻላል። አጎትየውም በእርግጥ ይጠብቀው፤ ባይመጣ ይደውልለት፤ ሲመጣ ስለ ውጤቱ አይጠይቀው። ወጣቶችም ሦስት አራት ሆናችሁ በአንድ ቤት፣ በአንድ ሰዓት ተገናኝታችሁ አጥኑ። የቀረ ለሻይ ይክፈል፤ ቅጣቱ የእድር ልጆች መሆናችሁን ያስታውቃል።

ስለ ጫት ዝም ብዬ ባልፍ «ፈራ» ትሉኛላችሁ። ዞናችን የሚያመርተው፣ ብዙ ቤት የሚተዳደርበት ነገር ነው፤ ከገበሬው ጋር አልጣላም። «ሳልቅም ሥራ አይሠራልኝም» ለሚለው ወጣት ግን አንድ ነገር ልበል። ምርቃና ላይ ስንት ፎቅ ተገንብቷል፣ ስንት ድርጅት ተከፍቷል! ማታ እንቅልፍ ይጠፋል፣ በማግስቱ ሐራራው ይመጣል፣ ፎቁ የለም፤ የተነሳው ወኔ ከነገው ተበድሮ የተወሰደ ነበር። ከመደበር የሸሸበት ነገር ደግሞ ድብርቱን መልሶ ያመጣበታል። እንቅልፉን ሳያስተካክል ተነሳሽነት የሚፈልግ ሰው በወንፊት ውኃ እንደሚቀዳ ነው።

አሁን አንድ ተቃውሞ ይሰማኛል፤ ከኋላ ያሉት ወጣቶች ፊት ላይ አነብበዋለሁ። «ብነሳስ ወዴት ልሄድ? ሥራ የታለ?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በድርጊት መነቃቃት የሥራ ዕድል አይፈጥርም፤ የፈተናውን ሥርዓት አያስተካክልም፤ የኑሮ ውድነቱን አይቀንስም። የሥራ አጥነትን ጥያቄ «ተነሳሽነት ይጎድላችኋል» በሚል ንግግር ለመሸፈን የሚሞክር ባለሥልጣን ካለ ከዚህ ንግግር አንድ ቃል እንዲወስድ አልፈቅድም። ነገር ግን የጎዋዎቹ ታካሚዎችም ባለጸጎች አልነበሩም። ጠያቂዎቹ ሥራ አላስቀጠሯቸውም፣ ዕዳቸውን አልከፈሉላቸውም፤ ሰዎቹ ችግራቸውን የሚገጥሙበትን አቅም ነው ያስመለሱላቸው። ዕድል ስትመጣ ፀጉሩን የተቆረጠ፣ ስልኩን የሚያነሳ፣ ጠዋት የሚነቃ ሰው ካላገኘች ታልፋለች።

የመጨረሻው ጉዳይ ይበልጥ ይከብዳል። ያልኩት ሁሉ ተሞክሮ የማይነቃ ሰው አለ። አንዳንዱ የደም ማነስ ወይም የእንቅርት እጢ ሕመም ነው፣ አንዳንዷ ከወለደች በኋላ ያልተነሳች እናት ናት፣ አንዳንዱ ደግሞ የድብርት ሕመም ራሱ ነው። በዚህ ረገድ ይህ የሶዶ ወረዳና አካባቢው የሚያኮራ ታሪክ አለው፤ ብዙዎቻችን አናውቀውም እንጂ። ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጎረቤታችን ቡታጅራ ላይ የገጠር ጤና ጥናት ሲካሄድ ቆይቷል፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት ለቤት እየተጠየቁ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለይተዋል። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢትዮጵያ፣ ሕንድ፣ ኔፓል፣ ደቡብ አፍሪካና ኡጋንዳ አንድ ትልቅ ፕሮጀክት ጀመሩ፤ የአእምሮ ሕክምናን ከልዩ ሆስፒታል አውጥቶ በጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች እጅ ማስገባት። ከኢትዮጵያ የተመረጠው ወረዳ ሶዶ ነበር። በኋላም ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ሰዎች በየቤታቸው እየሄዱ ወደ ዕለት ሥራቸው የሚመልሱ፣ ሐኪም ያልሆኑ የአካባቢው ሠራተኞች የተሰማሩበት ጥናት እዚሁ ተካሂዶ፣ ውጤቱ በ2022 እ.ኤ.አ. ታተመ። ጥሩ ውጤት ነው፤ ሰዎቹ ከነበሩበት ተሻሽለዋል። ለዓለም ምሳሌ ሆኖ የሚጠቀስ ነገር የተሠራው በእናንተው ቀበሌዎች ነው።

ከእነዚያው ጥናቶች አንዱ ግን የማያስደስት ነገር አሳይቷል። በሶዶ ጤና ጣቢያዎች ሊታከሙ ከመጡ ሰዎች መካከል ድብርት ያለባቸው ቢኖሩም፣ የጤና ባለሙያው ለይቶ ያወቃቸው እጅግ ጥቂቶቹን ብቻ ነው። ጥፋቱን በባለሙያው ላይ ለመጫን አትቸኩሉ። ወረፋው ረጅም ነው፤ ታካሚውም ገብቶ የሚናገረው ስለ ራስ ምታቱ፣ ስለ ጨጓራው፣ ስለ ወገቡ ነው። ማስታገሻ ተጽፎለት ይወጣል። ሕመሙን ግን ይዞት ተመልሷል፤ ማንም አልጠየቀውም፣ እሱም አላነሳውም።

ስለዚህ ስትሄዱ፣ ወይም ሰው ይዛችሁ ስትሄዱ፣ የራስ ምታቱን ከተናገራችሁ በኋላ ከወንበሩ አትነሱ። «ሁለት ሳምንት አልፎኛል፤ ድሮ የምወደው ነገር ሁሉ አልጥም ብሎኛል፤ እንቅልፌም ምግቤም ተዛብቷል» በሉ። መኖር ያስጠላው ሰው ከሆነ እሱንም በግልጽ ተናገሩ፤ ሁለት ሳምንት እስኪሞላ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ሂዱ፣ ብቻውንም አትተዉት። ይህ ከተነገረ ነርሱ ቀጥሎ ምን መጠየቅ እንዳለበት የተማረው ነገር ነው።